ያለቀ መድኃኒት ማንንም አያስጠይቅም

የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ተቀብዬ፣ ከመደርደሪያ አውርጄ፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብዬ የምሰጥ ሰው ነኝ። ስለ ገጠር የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲወራ ከመስኮቱ በዚህ በኩል የተቀመጥን ሰዎች ብዙም አንጠየቅም። እኔ ግን የማየውን መጻፍ ፈልጌያለሁ።

ሁልጊዜ የሚባል ነገር አለ። የገጠር ሰው የአእምሮ ሕመምን የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ስለሚያምን ወደ ሕክምና አይመጣም ይባላል። ሬዲዮ ላይ ይባላል፣ ስብሰባ ላይ ይባላል፣ ሥልጠና ላይ ገና መግቢያው ላይ ይነገራል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ይመጣሉ። ጸበል ከርመውም ቢሆን፣ አዋቂ ቤት ዞረውም ቢሆን፣ በግ ሸጠውም ቢሆን ይመጣሉ። የምንመልሳቸው እኛ ነን። «አልቋል» ብለን።

ጽሑፌ ስለዚህች «አልቋል» ስለምትባል ነገር ነው። ግን መጀመሪያ ትንሽ ወደኋላ ልሂድ፤ እኛው አገር የተሠራ ትልቅ ሥራ አለና፤ በውጭ አገር ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፣ እዚህ ግን ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ብዙም አልሰማውም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን አነጋገሩ። የሚፈልጉት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ነበር። አገኟቸው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው፣ ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ ሕመም ካለባቸው ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በሕይወታቸው አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ያኔ በመላው አገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነው። አገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እና የቡታጅራ ገበሬ የት ይሂድ?

ተመራማሪዎቹ 919 ሰዎችን መዝግበው ለዓመታት ተከታተሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው ውጤት ሲነበብ ያስደነግጣል። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሰው ወደ ሠላሳ ዓመት ቀድመው ነው የሚሞቱት። ሠላሳ ዓመት! ራሳቸውን ያጠፉ አሉ፣ በአደጋ የሞቱም አሉ፤ ከሁሉ በላይ የገደላቸው ግን ጎረቤታቸውም የሚታመመው፣ በጊዜ ቢታከም የሚድነው ተላላፊ በሽታ ነው። ሰው «ያበደ» ከተባለ በኋላ ሲያስለው እንኳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም ማለት ነው።

ከዚያ ሶዶ መጣ። ሶዶ ወረዳ ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚገኝ ነው፣ ዋና ከተማው ቡኢ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ፕራይም የተባለ ፕሮግራም፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከነበሩት አቻዎቹ ጋር፣ አንድ ጥያቄ ይዞ ገባ። የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ወረዳ፣ ያሉትን ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሠልጥኖ፣ በተራ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ሕመምን ማከም ይቻላል ወይ? የተመረጡት አራት ነገሮች ነበሩ፦ ከእውነታ የሚያርቁ ከባድ ሕመሞች፣ ድባቴ፣ የሚጥል በሽታና የመጠጥ ችግር። ታማሚ የማፈላለጉን ሥራ ጤና ኤክስቴንሽኖችና የአካባቢው ሰዎች ያዙት።

ሰው መጣ። ከባድ ሕመም አለባቸው ተብለው ከተገመቱት ሰዎች ውስጥ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ቢያንስ አንዴ ጤና ጣቢያ ደረሱ። «የገጠር ሰው አይመጣም» የሚለኝ ሰው ሲኖር የምጠቅሰው ይህን ነው። ከባዱ ነገር እነሱን ይዞ ማቆየቱ ሆነ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ሳይካትሪ በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት አለ። ጤና ጣቢያ ውስጥ በተራ ነርስና ጤና መኮንን የሚታከሙትን፣ ሆስፒታል ሄደው በሳይካትሪ ነርስ (በአእምሮ ሕክምና በሠለጠነ ነርስ) ከሚታከሙት ጋር አነጻጸረ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጤና ጣቢያው አላነሰም።

ስለዚህ «ጤና ጣቢያ ይህን መሥራት አይችልም» የሚባለው ነገር ለእኔ ያለቀ ክርክር ነው። ይችላል። እኛ ጤና ጣቢያ እንኳ ሥልጠናውን የወሰደ ጤና መኮንን አለን፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ታካሚ ሲያናግር በሩን ዘግቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ነው። የሚጽፈውም ትክክለኛውን መድኃኒት ነው። ወረቀቱን ይዘው እኔ ጋ ሲመጡ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

እንዴት እንደሚበላሽ በደንብ ላስረዳ፤ ከፋርማሲ ሰው ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውምና።

ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የፕሮግራም የሚባለው ነው። የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ። ይህ በነጻ ይመጣል፣ በነጻ ይሰጣል፣ ከበላይ የሚከታተለው ሰው አለው። ሊያልቅ ሲል ስልክ ይደወላል፣ ካስፈለገም ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ይዘዋወራል። ሁለተኛው ጤና ጣቢያው በራሱ ገንዘብ የሚገዛው ነው። ሸጦ፣ ገንዘቡን መልሶ፣ እንደገና ይገዛበታል። ተዘዋዋሪ ፈንድ እንለዋለን። የአእምሮ መድኃኒቶች፣ እነ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሎክሴቲን፣ የሚጥል በሽታው ፌኖባርቢታል ሳይቀር፣ ያሉት እዚህ ሁለተኛው ውስጥ ነው።

አሁን ገንዘቡ ትንሽ ነው እንበል፤ ሁልጊዜም ትንሽ ነው። ኮሚቴው ቁጭ ይላል። አሞክሳሲሊን ይቅደም ይባላል፣ ልክ ነው። ፓራሲታሞል ይቅደም፣ ጓንት ይቅደም፣ የሕፃናት ሽሮፕ ይቅደም፣ ሁሉም ልክ ነው። ሃሎፔሪዶል ሲነሳ «ስንት ሰው ነው የሚወስደው?» ይባላል። ጥቂት ሰው ነው። «ኤክስፓየር ቢያደርግብንስ?» ይባላል። ይዘለላል።

የነገሩ ሥር እዚች ላይ ነው። መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ኤክስፓየር ካደረገ ኦዲት ይመጣል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ምክንያት አቅርብ ይባላል። መድኃኒት ካለቀ ግን ማንም ምንም አይባልም። አንድ ካርቶን ክሎርፕሮማዚን ከሚበላሽብኝ ሦስት ወር ባይኖረኝ ይሻለኛል ብሎ የሚያስብ የፋርማሲ ባለሙያ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሚጠየቅበትን ነገር እየሸሸ ነው። አሠራሩ ያስተማረው ይህን ነው።

በዚህ በኩል ያለው ይህ ነው። በመስኮቱ በወዲያ በኩል ያለውን ደግሞ ልንገራችሁ።

አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ሲያመው ሌሊት እየወጣ ይጠፋ ነበር፣ ሜዳ ላይ ያድራል፣ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ያጠፋል፣ ጎረቤትም መዛት ጀመረ። በመጨረሻ ቤት ውስጥ ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት አሠሩት። እህል በሳህን እያቀረቡ፣ እግሩ ሲቆስል በቅቤ እያሹ። እኚህ ሴት ጤና ጣቢያ ያመጡት ጤና ኤክስቴንሽኗ ደጋግማ ቤት እየሄደች ካግባባቻቸው በኋላ ነው። ሃሎፔሪዶል ተጀመረለት። ሲረጋጋ መጀመሪያ ቀን ቀን ፈቱት፣ ከዚያ ሌሊትም ፈቱት። አንድ ቀን መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው «ዛሬ ከወንድሙ ጋር አረም ላይ ነው ያለው» አሉኝ። ፊታቸውን ብታዩት።

ከዚያ አለቀ። ሲመጡ ነገርኳቸው። ከመቀነታቸው ጫፍ ላይ ብሩን ፈትተው ይዘውት ቆመዋል። ያላቸው ጥያቄ ዝም ብሎ ጥያቄ ነው፣ ግን ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። «ሌላ ቀለም ያለውስ የለም ወይ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ክኒን በቀለሙ ነው የሚያውቁት። ነጩ ካለቀ ቢጫውን ይሰጠኝ ይሆናል ብለው ነው።

ከተማ ያለ የግል ፋርማሲ ይኖረዋል ብዬ ጻፍኩላቸው። በባጃጅ እስከ አስፓልት፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ መመለሻው፣ ውሎው። የጤና መድህን አባል ናቸው፣ መዋጮውን በየዓመቱ ከፍለዋል፣ ካርዱ ግን የግል ፋርማሲ ውስጥ አይሠራም። ገንዘባቸውን ከፍለው ያገኙት መብት እኔ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ይቀራል። ካርድ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው፣ ሥልጠና የወሰደ ሰው አላቸው፤ ክኒን የላቸውም።

መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚመለሰው ሕመሙ ብቻ አይደለም። መንደሩም ይመለሳል። «እኛስ ብለናችሁ አልነበር፣ የሐኪም አይደለም» ይላል ጎረቤቱ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ክኒን ሲጀመር እንደተሻለው፣ በኋላ ደግሞ እንደባሰበት ነው፤ መሐል ላይ ክኒኑ እንዳልነበረ ማንም አያስታውስም። መድኃኒቱ አይሠራም የሚል ወሬ ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል። ከዚያ እኛ በስብሰባ ላይ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» እንላለን። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው ነገሩ።

የሚጥል በሽታማ የባሰ ነው። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ድንገት ሲያቆም የሚመጣው መጣል ከመጀመሪያውም ሊከፋ፣ ሳያባራ ሊደጋገምም ይችላል። ሰው ይሞትበታል። እኛ አካባቢ ሲጥለው ክብሪት እየጫሩ ያሸቱታል፣ ብረት ያስይዙታል፤ ጎረቤት ይተላለፍብኛል ብሎ አይነካውም። ምድጃ ዳር ወድቀው ፊታቸው የተቃጠለ፣ እጃቸው የተኮማተረ ሰዎች በየገበያው አሉ። ብዙዎቹን ከእሳቱ ያድናቸው የነበረው ዋጋው ርካሽ የሆነ አንድ ክኒን ነው። ይህን ሳስብ በእውነት እናደዳለሁ።

ስለ ሰንሰለቱ አንድ ነገር ልበል፤ ከተማ ያለ ሰው ፎቶ ሲያይ በቤተሰቡ ላይ ይፈርዳል። ሶዶ ላይ ያሉ ቤተሰቦች ተጠይቀው ነበር። ያሰሩት ለመቅጣት ብለው አይደለም። ገደል እንዳይገባ፣ ወንዝ እንዳይወስደው፣ ሰው እንዳይጎዳ፣ ሰውም እንዳይጎዳው ነው። እናት ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ማን ይጠብቀው? አባት ገበያ ሲወጣስ? ያሰሩት ሌላ ምርጫ ስላጡ ነው። ለዚህ ማስረጃው ደግሞ ምርጫ ሲያገኙ መፍታታቸው ነው። ሶዶ ላይ ሕክምናው ሲጀመር ከታማሚዎቹ ከአራቱ አንዱ ያህል በቅርብ ወራት ታስሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ከአሥር ሰው ወደ አንድ ሰው ያህል ብቻ ወረደ። ሰንሰለት የሚፈታ አዋጅ አልወጣም፣ ዘመቻም አልተካሄደም። መድኃኒት ነበር፣ የሚከታተል ሰው ነበር፣ በቃ።

ጸበልንም ላንሳ፤ ሳላነሳው ካለፍኩ ጽሑፉ ይጎድላል። እኔ ራሴ አማኝ ነኝ። ጸበል ሂዱ ሕክምናውን ተዉ ማለትም፣ ሕክምና ሂዱ ጸበሉን ተዉ ማለትም ሰውን ማስጨነቅ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ዞን ውስጥ እነ ጻድቃኔ ማርያም፣ እነ ሸንኮራ ዮሐንስ አሉ፤ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ሰው ይመጣባቸዋል። ጸበልተኛው ክኒኑን ይዞ ቢሄድ ምን ችግር አለው? እንጦጦ ማርያም ላይ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ከአጥማቂ አባቶች ጋር አብረው ሠርተዋል፤ የሚጠመቀው ይጠመቃል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል። አባቶች «መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፣ ዋጡ» ሲሉ የሚደመጡትን ያህል እኔ ብል አልደመጥም። ጾም ስለሆነ ክኒን አልወስድም የሚል ሰው እንኳ በየዓመቱ ያጋጥመኛል፤ የንስሐ አባቱ አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያልቃል። ወረዳዎች ለቄሶች ስብሰባ መጥራት ከፈለጉ በዚህ ጉዳይ ይጥሩ።

ድባቴ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፋርማሲ መስኮት ላይ ስትቀመጡ ታዩታላችሁ። አንዲት ሴት ትመጣለች፣ ካርዷ ወፍራም ነው። ኦሜፕራዞል። ከወር በኋላ ዲክሎፌናክ። ከዚያ የታይፎይድ መድኃኒት። እንደገና ኦሜፕራዞል። «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይከፍለኛል፣ ወገቤን፣ እንቅልፍ የለኝም» ትላለች። ማንም ስለ ቤቷ አይጠይቃትም። ሐኪሙ አንዱን ታካሚ ለማየት ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ነው፣ በሩ ላይ ሃምሳ ሰው ተሰልፏል። እዚያው ሶዶ አካባቢ የተሠራ ጥናት ድባቴ ካለባቸው ታካሚዎች ውስጥ ጤና ጣቢያ የለየው ከቁጥር እንደማይገባ አሳይቷል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ሳይታወቅላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ለእነዚህ ሴቶች የመጀመሪያው መድኃኒት የድባቴ ክኒኑ ፍሎክሴቲን ላይሆን ይችላል። ተቀምጦ የሚያዳምጣቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ እሱ ደግሞ በእኔ መደርደሪያ ላይ የለም፣ በማንም በጀት ውስጥም አላየሁትም።

ከዓረብ አገር ስለተመለሱት ልጆች ብዙ ይጻፋል፤ ግን ቦሌ ላይ ሲወርዱ ነው የሚጻፈው። ከዚያ የት ይሄዳሉ? እኛ ጋ ነው የሚመጡት። ከሰሜን ሸዋም ከወሎም ብዙ ልጅ ሄዳለች። የሰው ቤት ተዘግቶባት፣ ደመወዝ ተከልክላ፣ ተደብድባ፣ ከዚያም የባሰ ደርሶባት የተመለሰች ልጅ እናቷ ጎጆ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳ እያየች ትቀመጣለች። የላከችው ብር ቆርቆሮ ሆኗል፣ እሷ ከሥሩ ተኝታለች። እናትና አባት ያፍራሉ፣ ይደብቋታል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ካላወቀች ማንም አያውቅም። ሪያድና ቤይሩት፣ ዱባይም ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አብራችሁ ከነበረችና ታማ ከተመለሰች ልጅ ቤት ደውሉ። «ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ እንደማንኛውም ሕመም ነው» የሚለው ቃል ከእናንተ ሲመጣ ቤተሰብ ይሰማል።

መድኃኒት ስል ምግብ እንዳልረሳ። ይህን ያስተማሩኝ ታካሚዎች ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ያስርባሉ፤ አንዳንዱ ሰው ከዋጠ በኋላ የማይጠግብ ይሆናል። ቤት ውስጥ እህል ከሌለ ክኒኑን መዋጥ ቅጣት ነው። «ባዶ ሆዴን እየገረፈኝ አልወስደውም» ያለኝ ሰው አለ፣ እውነቱን ነው። ታማሚው ሥራ አቁሟል፣ አስታማሚው ሥራ አቁሟል፣ አንድ በሬ ለጸበልና ለመጓጓዣ ተሽጧል። ሶዶ ላይ ሰዎቹን ይዞ ማቆየት ከባድ የሆነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ መንገዱ፣ ገንዘቡ፣ ርሃቡ፣ አብሮ የሚመጣ ሰው ማጣት። እዚያው የተሞከረ ሌላ መንገድ አለ። የአካባቢውን ልጆች አሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ቤት እየሄዱ፣ ቤተሰቡን እያስረዱ፣ ከእድሩ ጋር እያገናኙ፣ ሰውየውን ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ቀስ በቀስ እንዲመልሱ አደረጉ። በዓመቱ፣ መድኃኒት ብቻ ሲያገኙ ከነበሩት ይልቅ እነዚህኞቹ ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀስ ላይ የተሻሉ ሆኑ። የተሠለፉት የቀበሌ ልጆች ናቸው፤ ልዩ ባለሙያ አልነበረም።

ጦርነቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ እነ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ብዙ ጤና ተቋማት ወድመዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው መድኃኒት የቱ እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል። የሚፈልገው ሰው ደግሞ በዚያው ጊዜ ይበዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ስለማውቀው ልናገር።

የአእምሮና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ከተዘዋዋሪ ፈንድ ወጥተው እንደ ቲቢው የራሳቸው በጀት ይኑራቸው። የመድኃኒቶቹ ዝርዝር አጭር ነው፣ አብዛኞቹም የቆዩና ርካሽ ናቸው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣ፣ በኋላ ደግሞ ከ2020 እስከ 2025 የሚሆን ዕቅድ አወጣ። አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ሁለቱም ላይ አለ። ከሥልጠናው ጋር ክኒኑም ይውረድ ነው የምለው። ሥልጠናውን የወሰደው ጤና መኮንንም በዓመቱ ሲዛወር የሚተካው ሰው ይኑር፤ ሳይካትሪ ነርስ ከሆስፒታል በየወሩ እየመጣ ከባድ የሆኑበትን ታካሚዎች አብሮት ይይ። ብቻውን የተተወ ሠልጣኝ ስድስት ወር ሳይሞላው መጻፍ ይፈራል፣ «ሪፈር» ማለት ይጀምራል።

ደግሞ የቀረ ሰው ይፈለግ። የቲቢ ታካሚ ከቀጠሮው ሲቀር እኮ ይፈለጋል! ስልክ ይደወላል፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቱ ትሄዳለች፣ መዝገብ ላይ በቀይ ይጻፋል። ይህን ማድረግ እንችላለን፣ ለዓመታት አድርገነዋል። ለአእምሮ ታካሚ ሲሆን ግን ከቀረ ቀረ ነው። እሱ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ራሱን ችሎ ቀጠሮ ማስታወስ የሚከብደው ሰው ነው። ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ሥራ እንደበዛባቸው አውቃለሁ፤ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው ክትባቱንም፣ ወሊዱንም፣ ሽንት ቤቱንም ይዘዋል። ግን የአንድ ቀበሌ ከባድ ታማሚዎች ጥቂት ናቸው፣ ስማቸውንም ቤታቸውንም አስቀድመው ያውቁታል። ተረጋግቶ መድኃኒቱን በደንብ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የሁለት ወይም የሦስት ወር ክኒን አንዴ ይሰጠው። ስለ አንድ ወር ክኒን ብሎ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስንት ጊዜ ይመላለሳል?

ይህ ሁሉ እስኪሆን በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ላላችሁ የሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልንገር፤ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ነው።

በየሁለት ወሩ የምንሞላው የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ካለፈው ፍጆታ ተነስቶ ነው የሚያሰላው። ሃሎፔሪዶል ሁለት ወር ካልነበረ ፍጆታው ዜሮ ነው። ዜሮ ተጠቅመሃል ይልና ዜሮ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ አንዴ ያለቀ መድኃኒት ለዘላለም ያልቃል። መድኃኒቱ ስንት ቀን እንዳልነበረ የሚሞሉበት ዓምድ ቅጹ ላይ አለ፤ ብዙዎቻችን ባዶ እንተወዋለን። ሙሉት። ለእነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ከፍጆታ አትነሱ፣ ከሰው ተነሱ። የአእምሮና የሚጥል በሽታ ታካሚዎችን መዝገብ ከሐኪሙ ክፍል ተዋሱና ቁጠሩ። 15 ሰው ፌኖባርቢታል 100 ሚሊግራም በቀን አንድ የሚወስድ ከሆነ ለሁለት ወር 900 ክኒን ነው። ጤና ጣቢያ እስከ አራት ወር የሚሆን ክምችት መያዝ ስለሚችል 1,800 ድረስ መሄድ ትችላላችሁ። የቀሩትንም አብራችሁ ቁጠሩ፤ የቀሩት ክኒን ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው ላይ «ኤክስፓየር ያደርጋል» ሲባል ስሌቱን አውጡ፣ የማለቂያ ቀኑን አሳዩ፣ በየወሩ ስንት እንደሚወጣ አሳዩ። ከወረዳ ተደውሎ ይህን ያህል ለምን አስፈለገ ከተባላችሁም ለ15 ሰው ነው በሉ።